«ላስት ክሪስማስ» በ36 ዓመቱ አንደኛ የወጣው እንዴት ነው?

ሸክላ ወዳድ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ ያነሳሁት የፈረንጅ ዘፈን ነው። ግን ታሪኩ ውስጥ እኛም አለንበት፤ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን አያውቅም። ዓመተ ምሕረቱን ሌላ ካላልኩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

«ላስት ክሪስማስ»ን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዋም የሚባሉት ሁለቱ ልጆች፣ ጆርጅ ማይክልና አንድሪው ሪጅሊ፣ በዲሴምበር 1984 አወጡት። እንግሊዝ አገር በቻርቱ (በሳምንቱ የዘፈኖች ደረጃ) አንደኛ የሆነው ግን በጃንዋሪ 2021 ነው። በመሀል ሠላሳ ስድስት ዓመት አለ። ጆርጅ ማይክል ይህን ሳያይ አለፈ። በ2016፣ እዚያው በገናቸው ዕለት፣ በ53 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ ያኔ ለምን አንደኛ አልወጣም? መልሱ ኮረም ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው የረሃቡ ዘገባ በቢቢሲ ታየ። የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ያን ፊልም ያየ እንግሊዛዊ እንቅልፍ አልወሰደውም። ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ወዲያው ዘፈን ጻፉ። በወሩ ኖቬምበር 25 ቀን የአገሩን ዝነኛ ዘፋኞች አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሰብስበው በአንድ ቀን ቀዱት። ባንድ ኤይድ የተባለው ይኸው ነው። ሸክላው እንደወጣ በቀጥታ አንደኛ ገባ። «ላስት ክሪስማስ» በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ገባ፤ አምስት ሳምንት ሙሉም ከሁለተኛነት ንቅንቅ አላለም።

ጆርጅ ማይክል በባንድ ኤይድ ዘፈን ውስጥም አለ። አንደኛውም ላይ ሁለተኛውም ላይ የምትሰሙት የእሱን ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ዋሞች ከ«ላስት ክሪስማስ» ሸክላ የሚያገኙትን ሮያሊቲ (ከሽያጩ የሚደርሳቸውን ድርሻ) በሙሉ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ሰጡ። እንግዲህ በዚያ ገና አንደኛውን ሸክላ የገዛም ሁለተኛውን የገዛም ሰው ገንዘቡ ወደ እኛ ነው የመጣው።

ለዓመታት እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሳይወጡ ብዙ ከተሸጡ ነጠላ ሸክላዎች የሚስተካከለው አልነበረም። አሁን ደግሞ በየዓመቱ ይመለሳል። በ2023 በገና ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ በ2024 ደገመው። አንድ ዘፈን የገናን አንደኛነት በተከታታይ ሁለት ዓመት ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ዕድል ነው» የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ አልቀበልም። ዕድል አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ይህ ዘፈን በየዓመቱ ነው የሚመጣው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ሙዚቃውን የምታውቁ ሰዎች ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

---

ኪቦርድ ተጫዋቹ

ጥሩ ነገር አነሳህ ሸክላ ወዳድ። ሰርግ ላይም ሆቴልም ስለምጫወት ይህን ዘፈን በእጄ አውቀዋለሁ። ከውስጡ ልግባ።

ኮርዱ አራት ብቻ ነው። ዲ ሜጀር፣ ቢ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤ። ከዚያ ተመልሶ ዲ። አዝማቹም ስንኙም እዚያው ላይ ይሽከረከራሉ። ድልድይ የሚባል ነገር የለውም፤ ወደ ሌላ ቁልፍ መሸጋገርም የለም። አንድ ዙር ሃያ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጀማሪ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይይዘዋል።

ችሎታው ያለው ታዲያ የት ነው? ዜማው ላይ። አራቱ ኮርዶች ሳይለወጡ የአዝማቹ ዜማና የስንኙ ዜማ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አዝማቹ የሚዘፈን ነው። ስንኙ ግን ሰው ለጓደኛው ጆሮው ላይ የሚያወራ ይመስላል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው። መሬቱ አንድ ሆኖ ሰው ሁለት ዓይነት ሲራመድበት እንደማለት።

ሌላው አሠራሩ ነው። ከበሮው ሰው አይደለም፣ ሊንድራም የሚባለው ማሽን ነው። ኪቦርዱ ሮላንድ ጁኖ 60 ነው። ሁሉንም መሣሪያ ጆርጅ ማይክል ብቻውን ተጫወተው፤ ቃጭሏን ሳይቀር። ክሪስ ፖርተር የሚባለው የድምፅ ባለሙያ አብሮት ነበር። ወሩ ኦገስት ነው፣ ሙቀት ነው፤ ስሜቱ እንዲመጣ ስቱዲዮውን በገና ጌጥ ሞሉት። አንድሪው ሪጅሊ ሲናገር ደግሞ ዘፈኑ የተወለደው በጆርጅ ወላጆች ቤት ነው። ሁለቱም ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ጆርጅ ድንገት ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወርድ አዝማቹ በእጁ ነበር።

ብዙ ሰው የዚያን ዘመን ሲንተሳይዘር «አርጅቷል» ይላል። ይኼኛው ላይ ግን የማሽኑ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ የዘፋኙን ድምፅ አይጋፋም። ትልቅ ኦርኬስትራ ቢገባበት ኖሮ ዛሬ ይከብደን ነበር ብዬ አምናለሁ።

---

ከደቡብ ለንደን

እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ኖቬምበር ሲጋመስ የሙዚቃ ዝርዝሩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ይህን ዘፈን በአንድ ፈረቃ ውስጥ ስንቴ እንደምሰማው መቁጠር ትቻለሁ። አልሰለቸኝም ብል እውነቴን ነው። የሰለቹኝ ሌሎቹ ናቸው።

ግን አንደኛ የወጣበትን ምክንያት ስናወራ የአቆጣጠሩን ነገር መዝለል የለብንም። በ1984 ቻርት ማለት የተሸጠ ሸክላ ማለት ነበር። ሸክላውን አንዴ የገዛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይገዛውም፣ ቤቱ አለ። ስለዚህ አንድ ዘፈን የቱንም ያህል ቢወደድ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቻርቱ ይጠፋል። ሰው እየሰማው ነው፣ መዝገቡ ግን አያውቀውም።

በ2007 ዳውንሎድ ሙሉ በሙሉ መቆጠር ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ሸክላው ባይኖርም የድሮ ዘፈን ገብቶ መቆጠር ቻለ። ከዚያ ወዲህ «ላስት ክሪስማስ» ከዲሴምበር ቻርት ቀርቶ አያውቅም። በጁላይ 2014 ደግሞ ስትሪሚንግ (ሳይገዙ በኢንተርኔት ማዳመጥ) ተጨመረ። አሁን እያንዳንዱ መስማት ይቆጠራል። የሃምሳ ዓመት ሴትዮ ወጥ እየሠራች ብትከፍተው ይቆጠራል፤ በ1984 ሸክላውን የገዛችው እሷው ራሷ ብትሆንም።

እንግዲህ ዘፈኑ በ2021 ድንገት አልተወደደም። ፍቅሩ ድሮም ነበረ፤ መቁጠሪያው ነው ዘግይቶ የደረሰበት።

---

ቀጥታ ልናገር

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን ከልክ በላይ አሳምራችሁታል። ሱቁ፣ ሬዲዮው፣ ሊፍቱ ሳይቀር ይግትሃል። በ2019 በዘፈኑ ስም ፊልም ተሠራ። በዚያው ዓመት የድሮው ክሊፕ በፎርኬ ጥራት ታጥቦ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። ስፖቲፋይ በየዲሴምበሩ የገና ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። ጀርባው ትልቅ ኩባንያ ያለው ዘፈን ሁሉ እንዲህ ቢሆን ይገርማል? ገንዘብ ነው የሚያኖረው።

---

ሸክላ ወዳድ

ወንድሜ፣ ያልካቸው ነገሮች ሁሉ እውነት ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን ግን ተመልከት። ፊልሙ የተሠራው ዘፈኑ 35 ዓመት ከኖረ በኋላ ነው። ክሊፑ የታጠበው ሰው ስለሚያየው ነው። ኩባንያ የሞተ ዘፈን ላይ ገንዘብ አያፈስም። በየዓመቱ ትልልቅ ስም ያላቸው ዘፋኞች የገና ዘፈን ያወጣሉ፣ ማስታወቂያውም ይጎርፋል። በዓመቱ የሚያስታውሰው የለም። ያው ኩባንያ፣ ያው ገንዘብ፣ ያው ሱቅ።

ደግሞ ቴይለር ስዊፍት በ2007፣ አሪያና ግራንዴ በ2013 ዘፍነውታል። ከእሱ ይልቅ የእነሱ ስም ዛሬ ይጮኻል። ሰው ግን የሚመለሰው ወደ መጀመሪያው ነው። አንድ ጨዋታ እንኳ አለ፣ ዋማጌዶን ይሉታል። ከዲሴምበር 1 እስከ 24 ድረስ ዘፈኑን ሳትሰማ መቆየት ነው። የሰማ ወጣ። ሕጉ ታዲያ ሌላ ሰው የዘፈነውን ብትሰማ ምንም አይልህም፤ የሚያስወጣህ የዋም ቅጂ ብቻ ነው። ከዘፈኑ ሊሸሹ የወጡ ሰዎች እንኳ የትኛው ዋናው እንደሆነ ያውቃሉ።

---

የኮረሟ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም እናንተ «ዘገባ» የምትሉት የእኔ ቤተሰብ ነው። እናቴ በ77 ኮረም መጠለያው ውስጥ ነበረች። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ቀረ።

ያንን የባንድ ኤይድ ዘፈን መስማት አልችልም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ልጆቻቸው ኪሳቸውን አራግፈው ሰጥተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ርዕሱ ራሱ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ላሊበላ ከኮረም ምን ያህል ይርቃል? ገና የሚከበርበት አገር ነው የኛ አገር። ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ አለ። ሙስሊሙም ጎረቤቱ ገና መቼ እንደሆነ ያውቃል። ተርበን ነበር እንጂ አልጠፋብንም። እናቴ በዚያ መጠለያ ውስጥ ሆና የታኅሣሥ 29ን ሌሊት ታውቀው ነበር።

ያ ዘፈንም እኮ በ1989፣ በ2004፣ በ2014 እንደገና ተዘፍኗል። እሱም «ቆይቷል»። ግን በተመለሰ ቁጥር ያንኑ የእኛን ፊት ይዞ ነው የሚመለሰው። ልጄ እንግሊዝ ተወልዳ ትምህርት ቤት ያስዘመሯት ዕለት አኩርፋ ገባች። በ40ኛ ዓመቱ በ2024 ሌላ ቅጂ ሲወጣ ኤድ ሺራን ራሱ «ቢጠይቁኝ ኖሮ ድምፄን አልሰጥም ነበር» ብሎ ሲናገር ሰማን። ደስ አለኝ።

«ላስት ክሪስማስ» ግን ስለ እኔ አንድ ቃል አይናገርም። ልቡ ስለተሰበረ አንድ ልጅ ነው። ዘፋኙ ገንዘቡን ሰጠ፣ ዘፈኑ ውስጥ ስማችንን አልጠራም፣ ፎቷችንን ሽፋኑ ላይ አላደረገም። ይህን ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አሁን ሱቅ ውስጥ ሲመጣ ቆሜ አዳምጠዋለሁ። ለእኔ ይህ ዘፈን በየዓመቱ መመለሱ ደስ ከሚሉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

---

ኪቦርድ ተጫዋቹ

እህቴ የኮረሟ፣ ወንድምሽን ነፍስ ይማር። እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ። ይህን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ።

---

ከደቡብ ለንደን

የኮረሟ፣ እኔም ልጆች አሉኝ፤ የልጅሽ ነገር ገብቶኛል። ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ጽፈን በሌላ መዝሙር ቀይረውልናል። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። አስተማሪዎቹ ክፋት የላቸውም፣ አላሰቡበትም ብቻ ነው።

---

ካሴት ቤት

እኔ ነገሩን ወደ አገር ቤት ላምጣው። ብዙ ዓመት ካሴት ሸጫለሁ። በዓል የተሸከመው ዘፈን እንደማይሞት ማንም ሙዚቃ ቤት የነበረ ሰው ይነግርሃል። አበባየሆሽን ማን አሳተመው? ሆያ ሆዬን ማን አስተዋወቀው? «አሲና በል አሲና ገናዬ» ኩባንያ የለውም። መስከረም ሲጠባ፣ ቡሄ ሲደርስ፣ ገና ሲመጣ በራሳቸው ይነሳሉ። ጆርጅ ማይክልም ሳያስበው ይሁን አስቦ ዘፈኑን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አሰረው። ያ ግማሹ መልስ ነው።

ግን በዓል የሌለው ዘፈንስ? የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ላስታውሳችሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት። ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን ይዞ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ሮድስ ጨምሮ፣ ከበሮውን በማሽን አድርጎ፣ ብቻውን። ከላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ስለ ጆርጅ ማይክል የጻፈውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። በአንድ ዘመን፣ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ሁለት የከበሮ ማሽን። አንዱ ዓለም አወቀው። ሌላኛው ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ዳለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ካሴቱን ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ። ኃይሉን ፈልጎ ደወለለት፣ ተስማሙ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ኃይሉ አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስምሩልኝ። ያ ካሴት የተረፈው አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስለቆየ ነው። ሰውዬው የራሱ ዘፈን ባለቤት ስለሆነም ገቢው ለእሱ ደረሰ። የኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየሰፈሩ በድርብ ዴክ የሚባዛውን ካሴት ማን ይቆጥር ነበር? ስንት «ላስት ክሪስማስ» አለን፣ በሕዝቡ አፍ ላይ በየዓመቱ የሚዘፈን፣ ዘፋኙ ግን አንድ ብር ያላገኘበት። ይህ ያንገበግበኛል። የድሮ ካሴት ቤታችሁ ካለ አትጣሉ። ሽፋኑን ከነስሙ ፎቶ አንሱት፤ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

---

ቀጥታ ልናገር

ካሴት ቤት ያልከው አሳመነኝ። የኃይሉን ነገር ኩባንያ አላመጣውም፣ ልክ ነህ። ስለ ባለቤትነት ካነሳህ አይቀር የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የኬት ቡሽን ልጨምር። በ1985 ያወጣችው «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ሦስተኛ ነበር የደረሰው። በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም አራተኛ ምዕራፍ ላይ ገባና በጁን አንደኛ ወጣ። 37 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፤ የ«ላስት ክሪስማስ»ን ክብረ ወሰን የሰበረው እሱ ነው። ቅጂው የራሷ ስለሆነ ገቢው ለእሷ ነው የሄደው።

ልዩነቱ ግን ይታየኛል። የእሷን አንድ ተከታታይ ፊልም አስነሳው፤ ያን ፊልም ያላዩ ልጆች ላይደርሱበት ይችሉ ነበር። የዋምን ማንም አላስነሳውም። ተኝቶ አያውቅም።

---

ሸክላ ወዳድ

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ እኔ ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የነበረው ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መቆየት አለ ማለት ነው። አንዱ ጠፍቶ የሚገኝ፤ እሱ አንድ ፈላጊ ሰው ይፈልጋል፣ መደርደሪያ ላይ የተረፈ ካሴት ይፈልጋል። ሌላው ሳይጠፋ የሚቆይ፤ እሱ ሰው በየዓመቱ ያንኑ ስሜት ይዞ እንዲመጣ ይፈልጋል። ባለፈው ገና አብሮህ የነበረ ሰው ዘንድሮ አጠገብህ የለም። ይህን ነገር ዓመት በመጣ ቁጥር የማያስበው ማን ነው? ስደት ላይ ላለ ሰውማ ይብሳል።

---

ሰብለ ዱባይ

ልክ ነው ሸክላ ወዳድ። እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ማዳሜ ልጆቹን ይዤ ሞል ስትልከኝ ዲሴምበር ላይ እሰማዋለሁ። እንግሊዝኛው ብዙ አይገባኝም ነበር፣ ግን ሰው የቀረበት ሰው ዘፈን እንደሆነ ያስታውቃል። ለኢትዮጵያ ገንዘብ እንደሰጡ ዛሬ ከዚህ ነው ያወቅሁት። ለጓደኞቼ ሁሉ ላኩላቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ረጅም የሆነ ቅጂ አለ ይባላል፣ እውነት ነው? በስልኬ ያለው አራት ደቂቃ ከምናምን ነው።

---

ኪቦርድ ተጫዋቹ

አለ ሰብልዬ። በ1984 በትልቁ ሸክላ ላይ የወጣ ነው፣ «ፑዲንግ ሚክስ» ይባላል። ወደ ሰባት ደቂቃ ይጠጋል። ዩቲዩብ ላይ በዚሁ ስም ፈልጊው። መግቢያው ረዘም ይላል፤ ድምፁ እስኪገባ ድረስ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ለብቻቸው ታገኛቸዋለሽ። በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፣ ቃጭሏ ከየት በኩል እንደምትመጣ ይለያል።